የበር መቆለፊያን መጠገን፣ ፒኑን መለወጥና መተካት፦ በሀርጌሳ አየር ማረፊያ አካባቢ ለሚኖሩ የተዘጋጀ መመሪያ

ሀርጌሳ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የምትገኝ፣ ዝናቧ ትንሽ አቧራዋ ብዙ የሆነ ከተማ ስትሆን፣ በቀድሞው ፕሬዚዳንት በመሐመድ ሐጂ ኢብራሂም ኢጋል ስም የሚጠራው አየር ማረፊያ የተዘረጋበት ደቡባዊ ዳርቻዋም ገላጣ በመሆኑ ነፋሱ የሚያነሣው ደቃቅ አፈር በየቤቱ ቀዳዳ ይገባል። ከተማዋ እ.ኤ.አ. በ1988 ከዚሁ ማረፊያ እየተነሡ በሚመለሱ የጦር አውሮፕላኖች ስትደበደብ አብዛኛው ቤት ፈርሷል፣ ከፍርስራሹ የተረፈውም ጣሪያው፣ በሩና መስኮቱ ሳይቀር ተነቅሎ ተዘርፏል፤ በኢትዮጵያ ምድር በሐርታ ሼክና በሌሎች መጠለያዎች የቆየው ሕዝብ ከ1991 ወዲህ ሲመለስ ቤቱን የሠራው እንደ አዲስ ነው ማለት ይቻላል። በዚህም ምክንያት ዛሬ በአካባቢው የሚታየው የውጭ በር በብዛት ከላሜራና ከብረት ቱቦ ተበይዶ የተሠራ፣ መቆለፊያውም ከውጭ አገር የገባ ሲሆን፣ ብረት፣ ፀሐይና አቧራ ተባብረው የሚፈጥሩት ችግር በእንጨት በር ላይ ከሚታየው የተለየ ነው።

ይህ መመሪያ በዚህ አካባቢ ቤት ተከራይተው ለሚኖሩና በአየር ወደ አዲስ አበባ፣ በየብስም በቶጎ ውጫሌ በኩል ወደ ጅግጅጋ ለሚመላለሱ ኢትዮጵያውያን የተዘጋጀ ሲሆን፣ በሌላ ደረቅና አቧራማ ከተማ ለሚኖር አንባቢም ያገለግላል። መመሪያው የቆመበት ሐሳብ አንድ ነው፤ ተበላሸ ተብሎ የሚጣለው መቆለፊያ ብዙውን ጊዜ ጤነኛ ሆኖ ችግሩ የበሩ ወይም የቁልፉ ነው፣ በእርግጥ ከተበላሹትም መካከል ሙሉ በሙሉ መተካት የሚያስፈልጋቸው ጥቂቶች ናቸው። በዕለት ንግግር ቁልፍ የሚለው ቃል በእጅ ለሚያዘውም በበሩ ላይ ለሚገጠመውም ስለሚያገለግል፣ በዚህ ጽሑፍ ቁልፍ ሲባል በእጅ የሚያዘው፣ መቆለፊያ ሲባል በበሩ ላይ ያለው ማለት ነው።

የመቆለፊያው ክፍሎች

በበር ጠርዝ ውስጥ ተቀብሮ የሚገጠም መቆለፊያ ሁለት ዋና ክፍሎች አሉት። አንደኛው የብረት ሳጥን ሲሆን ከእርሱ ሁለት ነገሮች ይወጣሉ፤ በሞላ የሚገፋው፣ ጫፉ ሰያፍ የሆነውና በእጀታ የሚሳበው ምላስ ይባላል፤ በቁልፍ ብቻ የሚወጣውና የሚገባው፣ አራት ማዕዘን ቅርጽ ያለው ወፍራም ብረት ደግሞ በዚህ ጽሑፍ መቀርቀሪያ ይባላል። ሁለቱም በመቃኑ ላይ በተገጠመ ቀዳዳ ባለው ብረት ውስጥ ይገባሉ፤ ይህ መቀበያ ብረት ነው። ሁለተኛው ዋና ክፍል ቁልፉ የሚገባበት ሲሊንደር ሲሆን፣ በመሃሉ እንደ ምንቃር ወጣ ያለች ብረት ከቁልፉ ጋር እየዞረች መቀርቀሪያውን ትገፋለች።

ሲሊንደሩ ራሱ ቅርፊትና እምብርት አለው። እምብርት የሚባለው ቁልፉ ሲገባበት አብሮ የሚዞረው ክብ ናስ ሲሆን፣ ቅርፊት ደግሞ እምብርቱን ይዞ ሳይንቀሳቀስ የሚቀረው የውጭ አካል ነው። ከቅርፊቱ ወደ እምብርቱ የሚዘልቁ፣ አብዛኛውን ጊዜ አምስት ወይም ስድስት የሆኑ ጉድጓዶች በአንድ መስመር ተበስተዋል፤ በየጉድጓዱ ውስጥም ቁልፉን የሚነካ የቁልፍ ፒን፣ ከእርሱ ቀጥሎ ገፊ ፒን፣ በመጨረሻም ሁለቱን የሚጫን ትንሽ ሞላ ይደረደራሉ። ትክክለኛው ቁልፍ ሲገባ የሁለቱ ፒኖች መገናኛ በሁሉም ጉድጓዶች ከእምብርቱ ጠርዝ ጋር እኩል ስለሚሆን እምብርቱ ይዞራል፤ አንዱ እንኳ ከፍ ወይም ዝቅ ካለ ግን ገፊው ፒን ወይም የቁልፉ ፒን ድንበሩን ተሻግሮ እምብርቱን ይይዘዋል። የዚህ አሠራር መነሻ በጥንታዊት ግብፅ የነበረው የእንጨት መቆለፊያ ሲሆን፣ ዛሬ ወዳለው መልኩ ያመጣው አሜሪካዊው ታናሹ ሊነስ ዬል እ.ኤ.አ. በ1861 እና በ1865 ባስመዘገባቸው ፈጠራዎች ነው። በቁልፍ ጥርሶች ጥልቀት መካከል ያለው የአንድ ደረጃ ልዩነት ግማሽ ሚሊ ሜትር አካባቢ ብቻ መሆኑን ማስታወስ ይጠቅማል፤ ከዚህ በታች የሚነገረው ሁሉ፣ ስለ አቧራም ሆነ ስለ ቁልፍ ማስቀረጽ፣ ከዚህች ልዩነት የሚመነጭ ነው።

ከመፍታት በፊት የሚደረግ ምርመራ

ቁልፍ አልዞር ሲል ብዙ ሰው ጉልበት ይጨምራል፤ ቁልፍ የሚሠራበት ናስ ግን ለስላሳ በመሆኑ የዚህ ውጤት የተጣመመ ወይም ሲሊንደር ውስጥ ተሰብሮ የቀረ ቁልፍ ነው። ከጉልበቱ ይልቅ ችግሩ የት እንዳለ የሚለዩ ሦስት ፍተሻዎች በቅደም ተከተል መደረግ አለባቸው፤ ሦስቱም አምስት ደቂቃ አይፈጁም፣ የሚጠይቁትም አንድ ካቻቢቴ ብቻ ነው።

የመጀመሪያው ፍተሻ በሩ ተከፍቶ ሳለ ቁልፉን ማዞር ነው። በሩ ተከፍቶ መቀርቀሪያው በቀላሉ የሚወጣና የሚገባ፣ በሩ ሲዘጋ ግን የሚከብድ ከሆነ መቆለፊያው ጤነኛ ነው፤ የታመመው በሩ ወይም መቃኑ ስለሆነ አዲስ መቆለፊያ ገዝቶ መግጠም ከንቱ ወጪ ይሆናል፣ አዲሱም ውሎ ሳያድር እንደ አሮጌው ይታገላልና። በሩ ተከፍቶም የሚከብድ ከሆነ ወደ ሁለተኛው ፍተሻ ይታለፋል፤ ይኸውም በየቀኑ የሚያዘውን ቁልፍ ትቶ ከመቆለፊያው ጋር አብሮ የመጣውን የመጀመሪያውን ቁልፍ መሞከር ነው። ዋናው ቁልፍ ያለ ችግር የሚዞር ከሆነ ጥፋቱ የቅጂው ነው፤ ከቅጂ ላይ የተቀረጸ ቅጂ የቀደመውን ስሕተት ተሸክሞ የራሱን ስለሚጨምር፣ ሦስተኛው ትውልድ ላይ ሲደረስ ቁልፉ አንድ ቀን የሚሠራ አንድ ቀን የሚያስቸግር ይሆናል። ስለዚህ ቁልፍ ማስቀረጽ ሁልጊዜ ከዋናው ላይ መሆን ይገባዋል፤ ዋናውም ለዚሁ ተግባር ተቀምጦ በኪስ ባይዞር ይመረጣል።

ዋናውም ቁልፍ ከከበደ ሦስተኛው ፍተሻ ይቀራል። ሲሊንደሩ ከታች በሚገለጸው መንገድ ከበሩ ይወጣና በእጅ ተይዞ ቁልፉ ይዞራል። ከበሩ ውጭ በቀላሉ የሚዞር ከሆነ ችግሩ ከሳጥኑ ወይም ሲሊንደሩን ከሚይዘው፣ ከመጠን በላይ ከጠበቀ ብሎን ነው፤ በእጅ ተይዞም የሚከብድ ከሆነ ግን ሲሊንደሩ ቆሽሿል ወይም ፒኖቹ አልቀዋል።

አቧራና ቅባት

በአየር ማረፊያው አካባቢ ላለ ቤት ይህ ክፍል ከሌላው ሁሉ የላቀ ጥቅም አለው፤ በዚህ ረገድ የሚፈጸመው የተለመደ ስሕተትም መቆለፊያን በማበላሸት ከሌባ የሚብስ ነው። ቁልፍ ሲከብድ የምግብ ዘይት፣ የሞተር ዘይት ወይም ግሪስ ወደ ቁልፍ ቀዳዳው ማንጠባጠብ ለአንድ ሳምንት እፎይታ ይሰጣል፤ ነገር ግን ዘይት አቧራን ይስባል፣ አቧራና ዘይት ተዋሕደውም እንደ ሊጥ የሚጣበቅና እንደ ብርጭቆ ወረቀት የሚሞርድ ጭቃ ይሆናሉ፣ ፒኖቹም በጉድጓዳቸው ውስጥ ተጣብቀው ይቀራሉ። ደብሊው ዲ 40 በሚል ስም በቆርቆሮ የሚሸጠው ርጭት የተጣበቀን ነገር ለማላቀቅና ለማጠብ ጥሩ ቢሆንም፣ እርሱም ስስ የቅባት ሽፋን ትቶ ስለሚሄድ በአቧራማ ቦታ የመጨረሻ ቅባት ሊሆን አይገባውም።

ትክክለኛው አካሄድ አስቀድሞ ማጽዳት፣ ከዚያ በደረቅ ነገር ማለስለስ ነው። ሲሊንደሩ ከበሩ ወጥቶ የቁልፍ ቀዳዳው ወደ ታች እንዲያይ ይያዝና በብስክሌት መንፊያ ወይም በጎሚስታ ቤት አየር ከውስጥ ያለው አቧራ እንዲወጣ ይደረጋል፤ ቀድሞ ዘይት የገባበት ከሆነ በርጭቱ ወይም በነጭ ጋዝ ደጋግሞ ታጥቦ፣ ቁልፉም በየጊዜው ገብቶ እየወጣና እየተጠረገ፣ ጥቁር ቆሻሻ መውጣቱን እስኪያቆም ድረስ ይሠራና ለአንድ ቀን ይደርቃል። ይህ ሥራ ከእሳት ርቆና በር መስኮት ተከፍቶ መሆን አለበት። በመጨረሻ ግራፋይት የሚባለው፣ የእርሳስ ውስጠኛው ጥቁር ነገር የተሠራበት ደረቅ ዱቄት በጥቂቱ ይጨመራል፤ ዱቄቱ በገበያ ካልተገኘ የቁልፉን ጥርሶችና ሁለቱንም ጎኖች ለስላሳ በሆነ እርሳስ ደህና አድርጎ ማጥቆርና ቁልፉን አሥር ጊዜ ያህል ማስገባትና ማውጣት ተመሳሳይ ውጤት ይሰጣል። ግሪስ የሚፈቀደው ለማጠፊያዎችና በጥቂቱም ለምላሱ ሰያፍ ጎን ብቻ ነው።

የግቢ በር ላይ የሚንጠለጠል ጓጉንቸርም በዚሁ መንገድ ይጸዳል፤ የቁልፍ ቀዳዳው ወደ ታች እንዲያይ አድርጎ መቆለፍና ከላዩ የጎማ ቁራጭ ማልበስ ዕድሜውን ያረዝመዋል።

የዘመመ በርና በፀሐይ የሚያድግ ብረት

በመጀመሪያው ፍተሻ ጥፋቱ የበሩ ሆኖ ከተገኘ፣ መቀርቀሪያው መቀበያ ብረቱን የት ላይ እንደሚነካ ማወቅ ያስፈልጋል። የመቀርቀሪያው ጫፍ በጠመኔ ይቀባና በሩ ተዘግቶ ቁልፉ እስኪቆም ድረስ ይዞራል፤ ሲከፈት በመቀበያው ብረት ላይ የቀረው ነጭ ምልክት ሁሉን ይናገራል። ምልክቱ ከቀዳዳው በታች ከሆነ በሩ ዘሟል፤ ከጎን ከሆነ በሩ በደንብ አይገጥምም ወይም ጎብጧል ማለት ነው።

ልዩነቱ ሁለት ሚሊ ሜትር የማያልፍ ከሆነ የመቀበያውን ቀዳዳ በጠፍጣፋ ሞረድ ወደሚፈለገው በኩል ማስፋት ይበቃል። ከዚያ ከበለጠ ግን ቀዳዳ እያሰፉ መሄድ በሩን ማዳከም ስለሆነ መድኃኒቱ ከማጠፊያው ይፈለጋል። በብረት በሮች ላይ በብዛት የሚበየደው ማጠፊያ ከሁለት ክብ ቁራጮች የተሠራና የላይኛው በታችኛው እሾህ ላይ የሚቀመጥ ስለሆነ፣ በሩን ወደ ላይ አንሥቶ በእያንዳንዱ እሾህ ላይ አንድ ሮንዴላ፣ ማለትም መሃሉ የተበሳ ስስ ክብ ብረት፣ ቢጨመር በሩ በሮንዴላው ውፍረት ልክ ከፍ ይላል። አስቀድሞ በበሩ አናትና በመቃኑ መካከል ለዚህ የሚበቃ ክፍተት መኖሩ ይለካል፤ በሩን ለማንሣት ቢያንስ ሁለት ጎልማሶች ያስፈልጋሉ፤ ሮንዴላውም በሁሉም ማጠፊያዎች ላይ እኩል ውፍረት ያለው መሆን አለበት፣ ካልሆነ ክብደቱ በሙሉ በአንዱ ላይ ይወድቃል። በዚሁ አጋጣሚ እሾሁ ተጠርጎ ግሪስ ይቀባል።

ማለዳ በቀላሉ የሚቆለፍ በር ቀትር ላይ እምቢ የሚልበት ጊዜ አለ፤ ይህን ሰው ብዙ ጊዜ የመቆለፊያው አመል ያደርገዋል። ብረት በአንድ ሜትር ርዝመቱ ለእያንዳንዱ ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ 0.012 ሚሊ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ሁለት ሜትር ቁመት ያለው በር ከንጋቱ ቅዝቃዜ እስከ ቀትሩ ፀሐይ በ30 ዲግሪ ቢሞቅ ቁመቱ በ0.7 ሚሊ ሜትር ያድጋል ማለት ነው። ከዚህ ይልቅ የሚያስቸግረው ፀሐይ የሚመታው የውጭ ላሜራ ከውስጠኛው ቀድሞ ስለሚረዝም በሩ ወደ ውጭ እንደ ቀስት መጎበጡ ነው። ስለዚህ የጠመኔው ፍተሻ ፀሐይ በሩን በምትመታበት ሰዓትም ሊደገምና የመቀበያው ቀዳዳ ሁለቱንም ሰዓት እንዲያስተናግድ ተደርጎ ሊሞረድ ይገባል፤ በሩን ነጭ ወይም ፈዛዛ ቀለም መቀባትም ሙቀቱን በግልጽ ይቀንሰዋል።

ተሰብሮ የቀረ ቁልፍ

ቁልፍ ውስጥ ሲሰበር በእጅ የቀረውን ግማሽ መልሶ ማስገባት የተሰበረውን ወደ ጥልቁ ይገፋዋል፤ በሙጫ አጣብቆ ለማውጣት መሞከርም ሲሊንደሩን ለዘለቄታው ይዘጋዋል። መጀመሪያ የሚታየው እምብርቱ ቁልፍ በሚገባበትና በሚወጣበት አቅጣጫ ላይ መቆሙ ነው፤ ዘንበል ብሎ ከቀረ ፒኖቹ ቁራጩን ስለሚይዙት በቀጭን ካቻቢቴ ጫፍ በቀስታ ወደ ቦታው ይመለሳል። ቀጥሎ ጥቂት ርጭት ይደረግና የቀጭን መጋዝ ምላጭ፣ ጥርሶቹ ወደ ውጭ እንዲስቡ ሆኖ፣ በቁልፉ ጥርሶች በኩል ገብቶ ቁራጩን እያያዘ ይስበዋል። ጫፉ ከቀዳዳው ወጣ ብሎ የሚታይ ከሆነ ሹል ፒንሳ ይበቃል። ቁራጩ መጣል የለበትም፤ ቁልፍ ቀራጭ ሁለቱን ግማሾች ገጣጥሞ አዲስ መቅረጽ ይችላልና።

ሲሊንደሩን ብቻ መለወጥ

ቁልፍ ሲጠፋ፣ ተከራይ ሲለቅ ወይም ፒኖች ሲያልቁ ለአብዛኛው ቤት ትክክለኛው መፍትሔ ሳጥኑን በቦታው ትቶ ሲሊንደሩን መለወጥ ነው። በኪራይ ቤት ከሆነ አከራዩ አስቀድሞ ሊያውቅና ሊፈቅድ ይገባል። የሀርጌሳ ገበያ ክፍያ በአብዛኛው ቴሌሶም እ.ኤ.አ. በ2009 በጀመረው በዛድ የሞባይል አገልግሎት ስለሚፈጸም የክፍያው መልእክት ሳይጠፋ ቢቀመጥ ከኪራዩ ለማስቀነስ እንደ ማስረጃ ያገለግላል። ሶማልኛ ለማያውቅ ገዢ በር አልባብ፣ ቁልፍ ፉሬ፣ መቆለፊያ ቁፉል እንደሚባሉ ማወቁ ይበቃዋል፤ ከሁሉ የሚሻለው ግን አሮጌውን ሲሊንደር በእጅ ይዞ መሄድ ነው።

በሩ ሥራው እስኪያልቅ ድረስ ክፍት ሆኖ እንዲቆይ በድንጋይ ወይም በሽብልቅ ይደገፋል። በበሩ ጠርዝ ላይ፣ ከመቀርቀሪያው በታች፣ በሲሊንደሩ ትክክል ያለው ረጅም ብሎን በካቻቢቴ ይፈታል፤ ይህ ብሎን ሲሊንደሩን በመሃሉ የሚይዘው ብቸኛ ማሰሪያ ነው። ብሎኑ ከወጣ በኋላ ሲሊንደሩን ዝም ብሎ መሳብ አይቻልም፣ ምንቃሩ ወደ ጎን ወጥቶ ሳጥኑ ውስጥ ይዞታልና፤ ስለዚህ ቁልፉ ገብቶ ጥቂት፣ ብዙ ጊዜ ከ10 እስከ 30 ዲግሪ ያህል፣ ወዲያና ወዲህ እየዞረ በሌላው እጅ በቀስታ ሲገፋ፣ ምንቃሩ ከሲሊንደሩ አካል ጋር እኩል የሆነች ጊዜ ሲሊንደሩ ተንሸራትቶ ይወጣል።

ልኬቱ የሚወሰደው ከብሎኑ ቀዳዳ መሃል ወደ ውጭው ጫፍና ከዚያው ወደ ውስጠኛው ጫፍ ለየብቻ ነው፤ ሁለቱም 30 ሚሊ ሜትር ከሆኑ ሲሊንደሩ 30 በ30፣ በአጠቃላይ 60 ይባላል፤ 30 በ40 የሆነው ግን ምንም እንኳ አጠቃላይ ርዝመቱ ከ35 በ35 ጋር አንድ ቢሆን በእርሱ ቦታ አይገባም። የውጭው ጫፍ ከበሩ ሽፋን ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር በላይ ወጣ ማለት የለበትም። ሲሊንደሩ የብሎን ቀዳዳው ባለበት መሃሉ ላይ እጅግ ስስ በመሆኑ፣ ወጣ ያለውን ጫፍ ፒንሳ የያዘ ሰው በቅጽበት ሊሰብረው ይችላል፤ በብዙ ቤቶች ላይ የሚታየው፣ እንደ አውራ ጣት ከበሩ አፍጥጦ የወጣ ሲሊንደር በርካሽ የተገዛ አደጋ ነው።

ሌላው ምርጫ ከውስጥ በኩል ምን ይሁን የሚለው ነው። ከሁለቱም በኩል በቁልፍ የሚከፈት ሲሊንደር ሁለት ጉድለቶች አሉበት፤ በተራው ዓይነት ላይ ቁልፍ ከውስጥ ተሰክቶ ከተረሳ ከውጭ አይከፈትም፣ ሌሊት እሳት ቢነሣ ደግሞ በጨለማና በጭስ ውስጥ ቁልፍ መፈለግ ያስፈልጋል። በሀርጌሳም እንደ አዲስ አበባ ሁሉ መስኮቶች በብረት ፍርግርግ የሚታጠሩ በመሆናቸው በሩ ብቸኛ መውጫ ነው፤ ስለዚህ ከውስጥ በጣት የሚዞር ማዞሪያ ያለው ሲሊንደር ጥቂት ቢወደድም መመረጥ አለበት። ከበሩ አጠገብ እጅ የሚያስገባ መስታወት ካለ ብቻ ይህ ምክር እንደገና ይታሰብበታል።

አዲሱ ሲሊንደር በተመሳሳይ መንገድ ገብቶ ብሎኑ በእጅ ኃይል ብቻ ይጠብቃል፤ ከመጠን ያለፈ ማጥበቅ እምብርቱን ያጣምመዋል። በሩ ከመዘጋቱ በፊት ሁሉም ቁልፎች አንድ በአንድ ከሁለቱም በኩል ይሞከራሉ።

ፒን መለወጥ

ፒን መለወጥ ሲባል ሲሊንደሩ ሳይቀየር አሮጌው ቁልፍ እንዳይሠራና አዲስ ቁልፍ እንዲሠራ የውስጥ ፒኖቹን መቀየር ማለት ነው። ይህ ሥራ የሚያዋጣው ሲሊንደሩ ውድና ጥራት ያለው ሲሆን ወይም የአንድ ግቢ በርካታ በሮች በአንድ ቁልፍ እንዲከፈቱ ሲፈለግ ነው፤ ለርካሽ ሲሊንደር የሚጠፋው ግማሽ ቀን ከአዲሱ ዋጋ ይበልጣል። ለሥራው የሚያስፈልገው የሚሠራ የቀድሞ ቁልፍ፣ አዲሱ ቁልፍ፣ የተለያየ ርዝመት ያላቸው ፒኖች፣ የፀጉር መንቀያ ወረንጦና ተከታይ ዘንግ ነው። ተከታይ ዘንግ እንደ እምብርቱ ውፍረት ያለው፣ አብዛኛውን ጊዜ 13 ሚሊ ሜትር አካባቢ የሆነ፣ እምብርቱ ሲወጣ ከኋላው ተከትሎ ቦታውን የሚይዝ ክብ ዘንግ ነው፤ ከተስተካከለ ለስላሳ እንጨት ሊሠራም ይችላል።

ሲሊንደሩ በነጭ ጨርቅ ላይ፣ ቢቻል ዝርግ ትሪ ውስጥ፣ የፒኖቹ ክፍል ወደ ላይ እንዲሆን በበሩ ላይ ከነበረበት ተገልብጦ ይያዛል። እምብርቱን ከመሃል የሚይዘው፣ አንድ ጎኑ ክፍት የሆነው ትንሽ የብረት ቀለበት በካቻቢቴ ጫፍ ይወጣል፤ ቀለበቱ ተፈናጥሮ ስለሚጠፋ በጨርቅ ተሸፍኖ መነሣት አለበት። የቀድሞው ቁልፍ ገብቶ ትንሽ ይዞርና፣ ገፊዎቹ ፒኖች በእምብርቱ ጉድጓዶች ትይዩ እንዳይሆኑ ከተደረገ በኋላ፣ ዘንጉ ከኋላ እየገፋ እምብርቱ ከፊት ይወጣል። በዚህ ጊዜ በእምብርቱና በዘንጉ መካከል የፀጉር ያህል ክፍተት እንኳ መኖር የለበትም፤ ክፍተት ከተገኘ ሞላዎቹና ገፊዎቹ ፒኖች በአንድ ጊዜ ይበተናሉ፣ ሥራውም ወደ መልቀም ይለወጣል። ከሁለቱም በኩል የሚከፈት ሲሊንደር ላይ በመሃል ያለው ክፍተት ጠባብ ስለሆነ ዘንጉ በአጫጭር ቁራጮች ተቆርጦ አንዱ አንዱን እየተከተለ መግባት ይኖርበታል፤ ጀማሪ ይህን ለባለሙያ ቢተው ነውር የለበትም።

የወጣው እምብርት ጉድጓዶቹ ወደ ላይ እንዳሉ የድሮዎቹ የቁልፍ ፒኖች በወረንጦ ይወጣሉ፤ አዲሱ ቁልፍ ይገባና በየጉድጓዱ አናቱ ከእምብርቱ ገጽ ጋር ልክ የሚሆን ፒን እየተመረጠ ይቀመጣል። በጣት ሲዳሰስ የሚጎረብጥም የሚጎደጉድም ከሌለ ምርጫው ትክክል ነው። ረዘም ያለውን ፒን እዚያው እንዳለ በሞረድ ማስተካከል አንዳንድ ቦታ ይሠራበታል፤ ነገር ግን ሞረዱ የእምብርቱንም ናስ ስለሚበላው መቆለፊያው ላላ ይላል፣ ከትክክለኛው ቁልፍ ውጭም በሌላ ሊከፈት ይችላል። እምብርቱ ዘንጉን እየገፋ ወደ ቦታው ከተመለሰና ቀለበቱ ከተገጠመ በኋላ ሁለት ነገር ይፈተሻል፤ አዲሱ ቁልፍ እንደሚሠራና አሮጌው እንደማይሠራ።

ሆቴልና አየር ማረፊያ የመሳሰሉ ተቋማት አንዱ ኃላፊ ሁሉንም በር በአንድ ቁልፍ እንዲከፍት በየጉድጓዱ በሁለቱ ፒኖች መካከል ተጨማሪ ስስ ፒን ያስገባሉ። ይህ ስልት አንድን ሲሊንደር ለብዙ ቁልፎች ክፍት ስለሚያደርገው ጥብቅ የቁልፍ ቁጥጥር ለሌለው መኖሪያ ቤት አይመከርም።

ሙሉውን መቆለፊያ መተካት

ሞላው የተሰበረ ወይም ውስጡ የዛገ ሳጥን መተካት አለበት። ከመግዛት በፊት ሦስት ልኬቶች ይወሰዳሉ፤ ከሳጥኑ የፊት ብረት እስከ ሲሊንደሩ ቀዳዳ መሃል፣ ከእጀታው ቀዳዳ መሃል እስከ ሲሊንደሩ ቀዳዳ መሃል፣ እንዲሁም የፊት ብረቱ ርዝመትና ስፋት። የመጀመሪያው ለጠባብ የብረት በር ከ20 እስከ 35፣ ለእንጨት በር ደግሞ ከ45 እስከ 60 ሚሊ ሜትር ሊሆን ይችላል፤ ለሁለተኛው 72፣ 85 እና 92 ሚሊ ሜትር የተለመዱ ናቸው። ከሦስቱ አንዱ ካልተገጣጠመ በሩን በግራይንደር መቁረጥና እንደገና መበየድ ስለሚያስከትል፣ አንድ ቀን ተጨማሪ ፈልጎ ልኩን ማግኘት ይሻላል። ብየዳ የግድ ከሆነ ሳጥኑም ሲሊንደሩም አስቀድመው ይወጣሉ፤ ሙቀቱ ሞላውን ያላላዋል፣ የግራይንደሩ ብናኝም በሲሊንደሩ ውስጥ ከአቧራ የከፋ ጉዳት ያደርሳል።

በአውሮፕላን ስለሚያዙ ነገሮች

ከአዲስ አበባ ጥሩ ሲሊንደር ገዝቶ ወደ ሀርጌሳ ማምጣት የተለመደ ነው፤ ሲሊንደሩ ራሱ ክልከላ የለበትም፣ ይሁን እንጂ በፍተሻ ማሽን ላይ ጥያቄ እንዳያስነሣ በሚጫነው ሻንጣ ቢቀመጥ ይቀላል። ካቻቢቴ፣ ፒንሳና ሞረድም በእጅ ሻንጣ ሳይሆን በሚጫነው መግባት አለባቸው። ተቀጣጣይ የሆነ የማላቀቂያ ርጭት ግን በዓለም አቀፉ የአየር ትራንስፖርት ደንብ በሚጫነውም በእጅ በሚያዘውም ሻንጣ የተከለከለ ስለሆነ እዚያው ከሚደረስበት ከተማ ይገዛል። በባትሪ የሚሠራ ትራፓኖ የሚይዝ ሰው የትርፉን የሊትየም ባትሪ ጫፎች ሸፍኖ በእጅ ሻንጣው ይይዛል፤ ትርፍ ባትሪ በሚጫን ሻንጣ አይፈቀድም።

ለወራት ቤቱን ዘግቶ የሚሄድ ተጓዥ ሲሊንደር ወይም ፒን ለመለወጥ ካሰበ ሥራውን ከበረራው ቢያንስ ከአንድ ሳምንት በፊት ይጨርስ፤ በጉዞው ማለዳ የተገጠመ መቆለፊያ የቀትሩን ፀሐይ ገና ያላየ፣ ያልተፈተነ መቆለፊያ ነው።